የጨረፍታ መስታወት

ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ለሚጠይቁኝ «መስታወት እመርጣለሁ» ስል የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዓለም ባንክ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ያሉት ጎረቤቴ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ፣ «ለልጄ ባለ ፍሬም መስታወት ፈልጌ ነበር፤ ለጎረቤት ቅናሽ የለሽም?» ብለውኛል። አልፈርድባቸውም። አማርኛችን ራሱ ለመስኮቱም፣ ለመልክ ማያውም፣ ለመነጽሩም ያለው ቃል አንድ ነው። የእኔ መስታወት እንደ ተማሪ ማስመሪያ ቀጭንና ረጅም፣ ላዩ ወርቅ የተቀባ ነው፤ ግድግዳ ላይም አይሰቀልም ብዬ ባስረዳቸው ያበድኩ ይመስላቸዋል። «አይ፣ ጨርሻለሁ» ብዬ አለፍኩ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ከማስተማሩ ሌላ ውጭ አገር ካሉ ባልደረቦች ጋር የምንሠራው አንድ መሣሪያ አለ፤ በለስላሳ ራጅ ስስ ነገሮችን የሚመረምር። ራጅን ሁሉም ሰው ከሐኪም ቤት ያውቀዋል። ለስላሳው ከዚያኛው ጉልበቱ የደከመ ነው። ክፍል ውስጥ «ለስላሳ ራጅ» ስል ከኋላ ወንበር «ቀዝቃዛ ይሁንልን» ያለኝ ተማሪ ነበር። ቀልዱን ቤት ወስጄ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ብዙ ቀን ብቻዬን ስስቅበት ከረምኩ።

ይህ ብርሃን አመለኛ ነው። መስታወት ላይ ፊት ለፊት ከለቀቁት መስታወቱ ይውጠዋል፣ አይመልሰውም። የሚመለሰው የመስታወቱን ገጽ ታክኮ፣ ተኝቶ ሲመጣ ብቻ ነው። ነገሩን ማምሻውን ወደ አየር ጤና በታክሲ የተጓዘ ሁሉ ሳያውቀው ያውቀዋል። ቀን ሙሉ ጥቁር ሆኖ የዋለው አስፋልት፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል የሹፌሩን ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ ያበራል። አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው፣ ብርሃኑ ግን በሌላ አቅጣጫ መጣ።

መስታወቱ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብም አለበት፤ ስለዚህ ፓራቦላ በሚባለው ቅርጽ ይጎብጣል። ዲሽ ማለት ነው። ሙሉውን ዲሽ ግን አንጠቀምም። መሃሉን ብንጠቀም ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ የምናስቀምጠው ዕቃ ራሱ መንገዱን ይዘጋል። መሃሉን ትተን ከዳሩ አንድ ቁራጭ እንወስዳለን። እዚህ ሰፈር በየበረንዳው የተሰቀሉት ዲሾችም ብዙዎቹ እንደዚያው ከዳር የተወሰዱ ናቸው። የእኔ በረንዳ ላይ ያለው ሲያዩት ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ጣሪያ ላይ ያፈጠጠ ይመስላል፤ የሚያየው ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ሰማዩን ነው። ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ ዓመታት አልፈዋል።

የቀረቡልኝ መስታወቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው አጭር ነው፤ ብርሃኑ ትንሽ ቀና ብሎ ይመታዋል፣ ለመግጠም አያስቸግርም፣ ግን ከምንፈልገው ብርሃን ዋናውን ይውጥብናል። ከእጅ አይሻል ዶማ። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ብርሃኑ ገጹ ላይ ሊተኛ ምንም አይቀረው፣ የምንፈልገውን ይመልስልናል፣ ሲገጠም ግን ከፀጉር ባነሰ ነገር ቢዛነፍ የተሰበሰበው ብርሃን ጭራ አውጥቶ ይበተናል። የሚሠራው በትእዛዝ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ተመላሽ የለውም። ባልደረቦቼ «አንቺ ትሻያለሽ፣ አንቺው ወስኚ» ብለው ጻፉልኝ። ክብር ነው። እኔ ግን ክርክር ነበር የፈለግኩት። በዚህ ከተማ ስለዚያ መስታወት «ተሳስተሻል» የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ምሳ እጋብዘው ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነበር። የተወለድኩበት የኮልፌ ሰፈር ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ በአንድነት ወደ ሌላ የከተማ ዳር ተዛወረ። አባቴም አብረው መሄድ ፈልገው ነበር፤ እድራቸውም፣ ከቅዳሴ መልስ የሚያወጉት ጓደኞቻቸውም እዚያ ናቸው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ እኔ ደግሞ አንድ ለእናቴ ነኝ። «በዚህ ዕድሜዎ ብቻዎን አይኖሩም፤ እኔ ጋ ይመጣሉ» አልኩ። ተከራከርኩና አሸነፍኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው በሌለበት ሰፈር አስቀመጥኳቸው።

ዕድሜያቸውን የፈጁት በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። መጀመሪያ አካባቢ፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ሲያዩኝ፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?» አሉኝ።

«መስታወት እየመረጥኩ ነው፣ አባዬ።»

«የምን መስታወት? ስፖኪዮ?»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳስበው ከጎረቤቴ ግምት የእሳቸው ይሻላል። የመኪና ስፖኪዮም ከጎን ተቀምጦ ከጎን የሚቀበል ነገር ነው። «ወደዚያው ነው» አልኩና የብርሃኑን አመል ነገርኳቸው።

«ታዲያ ልክ ነዋ!» አሉ። «ስፖኪዮም እኮ በጨረፍታ ነው። አፍጥጠሽ ካየሽው መንገዱን ትስቻለሽ። ለማጅ እያለሁ አፍጥጬበት ተሳቢውን ገደል ልከተው ምንም አልቀረኝም።»

ጨረፍታ። ስንት ዘመን «እጅግ ጠባብ በሆነ ማዕዘን የሚያርፍ» እያልኩ ተማሪ ያንገላታሁበት ነገር በአንድ ቃል አለቀ። ነክቶ ማለፍም፣ ሳያፈጡ ማየትም እዚያው ቃል ውስጥ አሉ። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ «የጨረፍታ መስታወት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩት። ማታ ለአባቴ ስነግራቸው ፊት ለፊት እያዩኝ ከልባቸው ሳቁ። እንደዚያ እያዩኝ የሳቁት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ፊት ማዞር ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው አይነገረውም። ከሥራ ገብቼ «እንዴት ዋሉ፣ አባዬ?» ስል ወዲያው ወደ በረንዳው ዞር ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፣ ለበረንዳው። እራት ሳቀርብ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ትተው ኮርኒሱን ያያሉ። ዳዊታቸውን ይከፍታሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቅጠሉ ግን አይገለጥም። ልባቸው ኮልፌ ቀርቷል አልኩ። ከቤት መውጣትም ተዉ፤ «ደረጃው ነው» ይላሉ። እኔ ኩርፊያ ነው አልኩ። ከጓደኞቻቸው ለይቼ ስላመጣኋቸው አልምርሽ ብለዋል አልኩ።

ለምን አልጠየቅሻቸውም የሚለኝ ይኖራል። አባቱን አንቱ እያለ ያደገ ሰው አይለኝም። ያን አባት ጎልማሳ ሆኖ «ለምን ፊትዎን አዞሩብኝ?» ማለት ፍርድ ቤት ማቆም ነው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ዓይናቸውን ከነሱኝ በምን በኩል እገባለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሁለት ሆነን ብቻዬን ነበርኩ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊትም ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን ያኔ ቤቱ ውስጥ የጠላኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጉዳይ ሳይኖረኝ አየር ጤና ድረስ እሄድ ጀመር። ጋራዦቹ አጠገብ ቆሜ የታክሲ ረዳቶቹን ጥሪ እሰማለሁ። «እህት፣ ትገቢያለሽ? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ይለኛል አንዱ። አልገባም እላለሁ። ብዙ ጊዜ ያን ቀን ዓይኔን አይቶ ያነጋገረኝ ሰው እሱ ብቻ ይሆናል።

መስታወቱን የምወስንበት ሳምንት መጣ። በልቤ ረጅሙን መርጫለሁ፣ ግን ለሰው ካልነገርኩት የተወሰነ አልመስል አለኝ። የሁለቱን ሥዕል በትልቁ አሳትሜ ይዤ ገባሁና አባቴ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

«አባዬ፣ የስፖኪዮው ነገር ይኸውልዎት። ይህኛው አጭሩ፣ ይህኛው ረጅሙ። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገጥማሉ?»

ወደ ወረቀቱ አጎነበሱ። ትንሽ ቆዩና ቀና ብለው ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዞሩ።

«ጥሩ ነው» አሉ።

«የቱ?»

«ሁለቱም። ደግ ሠርተሻል።»

«አባዬ፣ ካስቀየምኩዎት ይንገሩኝ። ከግድግዳ ጋር አያዋሩኝ።»

«እያየሁሽ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ፣ በረንዳውን እያዩ።

ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ መኝታ ክፍሌ ገባሁ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ነው፤ ያኔ ትእዛዙን ብፈርም ለእልህ ብዬ አጭሩን እፈርም ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ክረምቱ ሲወጣ ጓደኞቻቸው ወዳሉበት ወስጄ ቤት እከራይላቸዋለሁ፣ ካልፈለጉኝ በግድ አላኖራቸውም ብዬ ወሰንኩ። መስታወቱን መወሰን ያቃተኝ ሰው ይህን ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም።

ዝናቡ ጠንክሮ ነበርና ጉንፋን ያዘኝ፤ ድምፄ ጭራሽ ተዘጋ። አንድ ቀን ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ብቻ ጽፌ ተማሪዎቹን አሰናበትኩና ከወትሮው ቀድሜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውንም ደረጃውንም ይደበድባል፤ የራሴ ኮቴ ለራሴ አይሰማኝም። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ ቀን ቀን እንደዚያ ነው የሚተዉት፤ ደረጃ ላይ ሰው ሲወጣና ሲወርድ መስማት ይወዳሉ። የዝናብ ልብሴን ኮፍያ እንኳ ሳላወልቅ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቀጥ ብለው አዩኝ። ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ታረቁኝ አልኩ።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አሉኝ፣ የወንበሩን እጀታ ይዘው ለመነሳት እየሞከሩ። «ልጄን ፈልገው ነው? ከሥራ አልገባችም።»

ድምፅ የለኝም። መጀመሪያ የመጣልኝ ይቀልዱብኛል የሚል ነበር። ቀጥሎ የመጣልኝ የከፋ ነው። የወለዷትን ልጅ አንቱ ማለት ከስድብም ይብሳል፤ አላውቅሽም ማለት ነው።

«ይቀመጡ እንጂ» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ሶፋው ዘርግተው። «አትቆይም፣ ትመጣለች። ቢጠብቋት ደስ ይላታል። ጠያቂ የላትም፤ ብቻዋን ናት። ደህና ሥራ አላት፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን የሚያዋያት ሰው የለም። እኔም እንደ ድሮው አላጫውታት አልኩ።»

ይህን ሁሉ ያሉት ዓይኔን እያዩ ነው።

ከኮፍያዬ ላይ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እንግዳው አልመልስ ሲላቸው ግራ ገባቸውና ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ በረንዳው አዞሩ፣ ሁልጊዜ ለእኔ እንደሚያዞሩት። እዚያው ቆዩ። አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል፣ ትንሽ ቀና አደረጉ፤ ድሮ መኪና ወደ ኋላ ሲያስገቡ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ።

ከአጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ፤ ዳዊቱም፣ ኮርኒሱም፣ ደረጃውም፣ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁት ሥዕልም። ከሚያዩት መሃሉ ጠፍቷል። የቀራቸው ዳሩ ነው። ይህን የሚያህል ነገር ከማንም በፊት እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ። ሌላ ድምፅ የለኝም።

«ኮልፌ ሳለሁም ጀማምሮኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ባሰ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሹፌር ዓይኔ ከዳኝ ይላል? ደግሞ አንቺ ሥራሽን ጥለሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ልትንከራተቺ። ፊት ለፊት ሳይሽ ትጠፊብኛለሽ። ልብስሽ አለ፣ ጫማሽ አለ፣ ፊትሽ የለም። ወደዚያ ስል ነው የምትመጪው። በጨረፍታ እንደሚሉት። ከስተሻል ደግሞ፤ አይቼሻለሁ።»

«አኩርፈውኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ?» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አንቺን?»

ሐኪሙ መነጽርና መብራት እያፈራረቀ ሲያያቸው ቆየ። የዓይናቸው መሃል ነው የተጎዳው፣ ዳሩ ደህና ነው፣ እሱ ይቆይላቸዋል፣ የመሃሉ ግን አይመለስም አለን። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። አባቴ ሐኪሙን መርቀው ወጡና ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙ። «እንግዲህ ዳር ዳሩን መንዳት ነው» አሉ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ፤ እሳቸው ግን በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው።

ወደ ጓደኞችዎ ልውሰድዎት ወይ ብዬ ያኔ ጠየቅኳቸው። «በዓል በዓል ውሰጂኝ» አሉ። «እዚያ ሄጄ አንቺን ማን ያይሻል?»

ረጅሙን መስታወት አዘዝኩ። በአባቴ ምክንያት ነው ብል ታሪኩ ያምር ነበር፣ ግን ውሸት ነው። ስሌቱ ነው የመረጠው፣ ያውም ከዚያ በፊት። እሱን አልቀጥፍም። መስታወቱ ተሠርቶ በቀጥታ ውጭ አገር ወዳለው ቤተ ሙከራ ሄደ፤ እኔ እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም። ባልደረቦቼ ገጥመው፣ ጭራውን እስኪያጠፉ ብዙ ታግለው፣ በመጨረሻ የተሰበሰበውን ብርሃን ፎቶ ላኩልኝ። ጨለማ ውስጥ አንዲት ነጥብ። አሳትሜ ቤት ወሰድኩትና አባቴ ፊት አልዘረጋሁትም፤ በስተጎናቸው፣ ከጆሯቸው አለፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። እሳቸው ማቀዝቀዣውን እያዩ ፎቶውን መረመሩት።

«ይቺ ነጠብጣብ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ለዚህች ነው ያ ሁሉ ጭንቀት?»

«ለዚህች ነው፣ አባዬ።»

«እሺ» አሉ። «ስፖኪዮው ከሠራ ይበቃል።»

አሁን ወንበሬን ከፊታቸው አንስቼ በጎናቸው አድርጌዋለሁ። እናወራለን። የተማሪዎቹን ቀልድ እነግራቸዋለሁ፤ «ቀዝቃዛ ይሁንልን» የሚለውን ደግመው ደጋግመው አስነግረውኛል። ብቸኝነቱ ለቀቀሽ ወይ ለሚለኝ ግን አልለቀቀኝም እላለሁ። የአባቴ ዓይን ይናፍቀኛል። እሳቸው ሲያዩኝ እኔ የማየው ጉንጫቸውን ነው። እኔ ዓይናቸውን ሳይ ደግሞ እሳቸው እኔን አያዩም። በአንድ ጊዜ ሁለታችንም መተያየት ቀርቶብናል፤ ይህን የሚያስተካክል መስታወት በየካታሎጉ ብፈልግ አላገኝም።

ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ አሁንም ገርበብ ይላል። ኮቴዬን ከደረጃው ጀምረው ያውቁታል፣ እኔ መሆኔን አይስቱም። ስገባ ግን በልማድ መጀመሪያ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ያያሉ። ያቺን አፍታ እፈራታለሁ፤ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው፣ እኔ ግን የለሁም። እንዴት ዋሉ ብል ቶሎ ታልፍ ነበር። አልልም። በድምፄ ሳይሆን በዓይናቸው እንዲያገኙኝ እፈልጋለሁ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ፣ ፊታቸውን እስኪያዞሩብኝ እጠብቃለሁ።